ከኋላ ወንበር የሚሰማው ከበሮ

በቴአትር ቤቱ የሙዚቃ ክፍል ውስጥ እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው ሰው አልነበረም። ከባንድ መሪው ጀምሮ እስከ በር ዘበኛው ሁሉም «ደረቁ» ነበር የሚሉት። ስሙ የወጣለት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ከበሮው ነው። ትንሹን ከበሮ፣ ሙዚቀኞቹ ስኔር የሚሉትን፣ ከሥሩ ጥቅልል ሽቦ የተወጠረበትን፣ እሱ የሚወደው ድምፁ ደረቅ ሲሆን ነው። ሲመቱት «ጣ» ብሎ ወዲያው ዝም የሚል፣ የማያንዛዛ፣ ጭራ የሌለው ድምፅ። ሁለተኛው ምክንያት ራሱ ነው፤ እሱም እንደዚያው ነበር። አንድ ቃል ጣል ያደርግና ዝም ይላል። «ሻይ ትጠጣለህ?» ሲሉት «እጠጣለሁ» ይላል፤ ሻዩን ይጠጣል፤ ብርጭቆውን ያስቀምጣል፤ በቃ። ክፋት የለበትም፣ ኩራትም የለበትም። ሰው ይወዳል፤ ወሬ ግን አይወጣለትም።

ከበሮ መቺ የሆነው አስቦበት አልነበረም። ወጣት ሳለ ቴአትር ቤቱ የቀጠረው በታይፒስትነት ነው። ተውኔቶቹን በጽሕፈት መኪና እየገለበጠ ለተዋንያን ያድላል። የጽሕፈት ክፍሉንና የሙዚቃ መለማመጃውን የሚለያቸው ስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ነበር። የዚያን ጊዜው ባንድ መሪ፣ ላብ ከግንባሩ የማይጠፋ ወፍራም ሰው፣ አንድ ቀን ከበሮ መቺው ሥራ ጥሎበት ሄዶ ራሱን ይዞ ተቀምጦ ሳለ ከግድግዳው ማዶ የጽሕፈት መኪናውን ድምፅ ሰማ። አይፈጥንም፣ አይዘገይም፤ ገጽ አልቆ ገጽ ሲጀመርም አይዛነፍም። ተነሥቶ በሩን ከፈተና፣

«አንተ ልጅ፣ ስትጽፍ ማን ነው የሚቆጥርልህ?» አለው።

«ማንም።»

«በል ተነሥ። ከዛሬ ጀምሮ ለእኛ ትቆጥራለህ።»

በቀልድ የተጀመረው ነገር የዕድሜ ልክ ሥራው ሆኖ ቀረ።

ታዲያ ከበሮ የሚመታ ሰው አንድ ችግር አለበት፤ የራሱን ከበሮ አይሰማም። መስማቱንስ ይሰማል፤ ግን የሚሰማው ሌላ ነው። ከበሮው ያለው ጉልበቱ መሀል፣ ሆዱ ፊት ስለሆነ፣ እሱ ጆሮ ላይ የሚፈነዳው ድምፅና አዳራሹ ጫፍ ለተቀመጠ ሰው የሚደርሰው ድምፅ አይገናኙም። እዚህ ጆሮ የሚበሳው እዚያ ሲደርስ ለስልሶ ደስ ይላል። እዚህ የተመቸው እዚያ ሲደርስ ካርቶን የመቱ ይመስላል። ስለዚህ ከበሮና ከበሮ ለማወዳደር ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ የሚመታ፣ አንዱ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የሚሰማ።

የደረቁ አዳማጭ ልብስ ሰፊዋ ነበረች።

ገና አዲስ መቺ ሳለ ሁለት ከበሮ ሰጡትና ከሁለቱ አንዱን ምረጥ አሉት። ከሰዓት በኋላ ነው፤ አዳራሹ ባዶ ነው። በመጨረሻው ረድፍ፣ መስኮቱ ሥር፣ አንዲት ሴት የተዋናይ ካባ ጭኗ ላይ ዘርግታ ጠርዙን ትዘመዝማለች። የልብስ ክፍሉ ጨለማ ስለሆነባት ብርሃን ፍለጋ ነበር እዚያ የምትቀመጠው። ሁለቱንም ከበሮዎች መታ፤ ደግሞ መታ። ከዚያ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ የማያውቃትን ሴት ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠራ።

«ይቅርታ እህቴ፣ የትኛው ይሻላል?»

ቀና ብላ ትንሽ አየችው።

«የመጀመሪያው ይጮሃል» አለች። «ሁለተኛው ይናገራል።»

ሁለተኛውን ወሰደ። ዓመት ሳይሞላ ተጋቡ።

ከዚያ ወዲያ ቆዳ በተቀየረ፣ ሽቦ በተወጠረ ቁጥር እሷ ከኋላ ትቀመጣለች። እሱ ይመታል፤ እሷ «ትንሽ ላላ አድርገው» ወይም «ይኸው፣ አሁን ሆነ» ትላለች። ሙዚቀኞቹ «የደረቁ ጆሮ ልብስ ክፍል ነው ተቀጥሮ የሚሠራው» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እሱ ደስ ይለዋል። በባዶው አዳራሽ ውስጥ፣ መሀላቸው ወንበር በወንበር ሆኖ የሚለዋወጧት ያቺ ጥቂት ቃል ለእሱ ከበቂ በላይ ነበረች። ወሬውን ሁሉ እዚያ ጨርሶ ወደ ቤት የሚገባ ይመስለዋል።

እሷ ግን ቤትም ሰው ትፈልግ ነበር። «እንዴት ዋልክ?» ስትለው «ደህና» ነው። «ልምምዱስ?» ስትለው «ያው ነው።» ልጅ አልወለዱም፤ ቢወልዱ ምናልባት ቤቱ ይሟሟቅ ነበር። እሷ የጎረቤቱን፣ የጨርቁን፣ ቀሚስ አሳጥሪልኝ ብላ መልሳ አስረዝሚልኝ ያለችውን ተዋናይት ነገር ታወራለች። እሱ ይሰማታል። ከልቡ ነው የሚሰማት፤ አንድ ቃል አያመልጠውም። በመልስ ፋንታ ግን ጣቶቹ የጠረጴዛውን ጠርዝ ቀስ እያሉ ይመታሉ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ቀን እራት አቀረበች፤ እሷ ሳትበላ ፊቱ ተቀመጠች።

«ብቻዬን መኖር አልፈራም» አለችው። «ከሰው ጋር ሆኜ ብቻዬን መኖር ነው ያቃተኝ።»

ብዙ ሊል ፈልጎ ነበር። ያለው ግን «እሺ» ብቻ ነበር። ዝም ቢል ይሻለው ነበር።

ስትሄድ የስፌት መኪናዋን እሱ ራሱ ተሸክሞ አወረደላት። በመንገድ እንዳይፋቅ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ጭነት መኪናው ላይ በገመድ አሠረው። ቋጠሮውን ደጋግሞ ከመፈተሹ የተነሣ ሾፌሩ «ወንድሜ፣ ይበቃዋል፤ ይህ ከእንግዲህ በማዕበልም አይነቃነቅም» አለው። እሷ ጋቢና ውስጥ ሆና ፊት ለፊቷን ታያለች። መኪናው ሲንቀሳቀስ እጁ ገና ገመዱ ላይ ነበር።

ብዙም ሳትቆይ ከቴአትር ቤቱም ለቀቀች። ከገበያው ጀርባ የራሷን ስፌት ቤት ከፈተች ተባለ። ቆየት ብሎ ደግሞ ዘበኛው፣ ወሬ በሆዱ የማያድርለት ሰው፣ ከጎኗ ያለውን ፀጉር አስተካካይ ማግባቷን ነገረው። «ደግ ሰው ነው አሉ፤ አፉ ግን ዕረፍት የለውም» ብሎ ጨመረበት። ደረቁ ራሱን ነቀነቀና ወደ ልምምዱ ገባ።

ያን ቀን ከበሮው ላይ አንድ ነገር ወሰነ። እሷ ለመጨረሻ ጊዜ «አሁን ሆነ» ካለች በኋላ ቆዳውን ከሚወጥሩት ብሎኖች አንዱንም ላይነካ። ቆዳው ሲያረጅ ይቀይራል፤ ከመቀየሩ በፊት ግን እያንዳንዷ ብሎን የቆመችበትን በእርሳስ ምልክት ያደርግና አዲሱን ቆዳ እዚያው ድረስ ያጠብቃል። ባንድ መሪዎች ተቀያየሩ፣ ሙዚቀኞች ጡረታ ወጡ፤ የደረቁ ከበሮ ድምፅ ግን አልተለወጠም። የሚኖርባት ክፍል ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር አለ። በአንዱ ይቀመጣል፤ በሌላው ላይ ልብሱን ያስቀምጣል። ማታ ሲገባ በሩን ከመክፈቱ በፊት ቁልፉን መዝጊያው ላይ ቀጭ ቀጭ ያደርጋል፤ ውስጥ ማንም እንደሌለ እያወቀ። ምግቡን ምድጃው አጠገብ ቆሞ ከድስቱ ይበላል። ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤቱ በመንገድ ሲያገኙት «ሬዲዮህን ትንሽ ከፍ አድርገው እንጂ፤ ሰው መኖሩን እንድናውቅ» ይሉታል።

እንዲህ እየኖረ ሳለ የዕቃ ክፍሉ ቧንቧ ፈነዳ። ቴአትር ቤቱ ለዕረፍት በተዘጋበት ሳምንት ነበርና ውኃው እንዳሻው ሲወርድ ከረመ። ሲከፍቱት የደረቁ ከበሮ በውኃ ውስጥ ተኝቶ፣ እንጨቱ አብጦ፣ ሙጫው ለቆ እንደ ተፈታ ጥቅልል ተዘርግቷል። ደረቁ ቁርጥራጩን ከውኃው አወጣና ቁም ሳጥኑ ላይ አስደግፎ አጠነፈፈው። ሊጠገን እንደማይችል ያውቃል፤ ግን እርጥብ ሆኖ መጣሉን ሆዱ እንቢ አለው።

አዲሱ ባንድ መሪ ወጣትና ቅን ሰው ነው። አንድ የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ለምኖ አራት ከበሮ በውሰት አመጣ።

«ጋሼ፣ አዲሱ ተውኔት ሊከፈት ነው» አለው። «እስከ ሐሙስ አንዱን ምረጥና ሦስቱን እንመልስ።»

«ማን ይሰማልኛል?»

«ኧረ ጋሼ፣ አንተ እያለህ ማን ይሰማል? የምትለውን እንወስዳለን።»

ሰኞ ከሰዓት በኋላ አራቱን መድረኩ ላይ ደረደራቸው። አንዱ የናስ፣ አንዱ የብረት፣ አንዱ የስስ እንጨት፣ አንዱ የወፍራም እንጨት ነው። የናሱ ሲመታ ድምፁ ደምቆ ይነሣና ትንሽ ያብለጨልጫል። የብረቱ ፊት ለፊት ነው፤ ያለውን ሁሉ አንዴ ይዘረግፈዋል። ስሱ እንጨት አጭርና ቅርብ ነው። ወፍራሙ ከበድ ብሎ ከሆድ ይናገራል። ይህ ሁሉ ግን እሱ ከተቀመጠበት ሲሰማ ነው። ከኋላ ወንበርስ?

አንዱን መታና ከመድረኩ ወርዶ ወደ ኋላ ሮጠ። ሦስተኛው ረድፍ ሳይደርስ ድምፁ አልቆ ነበር። እንደዚያ እንደሚሆን ጠፍቶት አይደለም፤ ግን ደግሞ ሞከረው። ዘበኛው በሩ ሥር ቆሞ ያየዋል።

«ምን አምልጦህ ነው የምታሳድደው?» አለው።

«ና እስቲ፣ አንተ ምታልኝ።»

ዘበኛው የመምቻ እንጨቶቹን ይዞ የግቢ በር እንደሚያንኳኳ ሰው ደበደበው። አራቱም አንድ ሆኑ። ከበሮ ድምፁ የመቺውም እጅ ነው፤ የሌላ ሰው እጅ ሲያርፍበት ሌላ ከበሮ ይሆናል። ደረቁ አመሰገነውና እንጨቶቹን ተቀበለው። ከዚያ ስልኩን ከኋላ ወንበር ላይ አስቀምጦ ቀዳ። ሲያዳምጠው ናሱም እንጨቱም ቆርቆሮ ላይ የወደቀ ጠጠር ነው። ባንድ መሪውን አስቀምጦ ቢመታለት «ሁሉም ያምራሉ ጋሼ፤ መልኩ ደስ ያለህን ያዝ» አለውና ስልክ ሊያነሣ ወጣ።

ደረቁ መድረኩ ላይ ብቻውን ቀረ። ከፊቱ የአዳራሹ ወንበሮች ተደርድረዋል። እነዚያን ወንበሮች ስንት ዓመት ሲያያቸው ኖሯል፤ ባዶ መሆናቸው ግን እንደዚያን ቀን ታውቆት አያውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት ከገበያው ጀርባ ሄደ። ምን እንደሚል በመንገዱ ሁሉ ሲያጠና ነበር። ፎቶ ኮፒ ቤቱን አለፈ፣ ጫማ ጠጋኙን አለፈ፤ መስታወት ውስጥ ግማሽ የተሰፋ ቀሚስ የለበሰ አሻንጉሊት የቆመበት ቤት ጋ ሲደርስ ቆመ። ያጠናው ሁሉ ጠፋ። የስፌት መኪና ድምፅ ከውስጥ ይሰማል፤ ያ እሱ ራሱ በገመድ ያሠረው መኪና መሆኑን ጆሮው አላጣውም። እዚያው ተገትሮ ሳለ ከጎን ያለው በር ተከፈተና አንድ ነጭ ጋውን የለበሰ፣ ፀጉሩ የሳሳ ሰው ብቅ አለ።

«ይግቡ ጌታዬ፣ ወረፋ የለም» አለው። «ደግሞ ከሩቅ ሳይዎት እንደሚያስፈልግዎት አይቻለሁ።»

ደረቁ «ለዚያ አይደለም የመጣሁት» ለማለት ቃል ከሚያወጣ መግባቱ ቀለለው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ነጩ ጨርቅ አንገቱ ላይ ታሰረ።

«ይህን ፀጉር ማን ነው የቆረጠው? ስሙን ብቻ ይንገሩኝ።»

«ራሴ ነኝ።»

«እንግዲያው ይቅር ይበሉት፤ አስቦ አይደለም።»

ፀጉር አስተካካዩ አወራ። ስለ ውኃ መጥፋት አወራ፣ ጆሮው ሥር ኪንታሮት ስላለበት ደንበኛው አወራ፣ ሚስቱ ከጎን ልብስ ስለምትሰፋና ሰው ሁሉ ለማሳጠር እንጂ ለማስረዘም ስለማይመጣባት አወራ። መቀስ ባነሣ ቁጥር መጀመሪያ ወደ ራሱ ጆሮ አስጠግቶ አንዴ ከፈት ዘጋ ያደርገዋል፤ አንዳንዱን ይመልሰዋል፣ አንዳንዱን ይጠቀምበታል። ደረቁ ጨርቁ ሥር እጆቹን አጣምሮ ያዳምጣል። ሰውየውን ሊጠላው ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ከዚያ የጎን በሩ ተከፈተ።

«ይኼ መቀስ ዛሬም ጨርቅ እያኘከብኝ ነው» እያለች ገባች። ከዚያ መስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ፀጉሯ ሸብቷል፣ መነጽር አድርጋለች፤ መለኪያው ሜትር እንደ ድሮው አንገቷ ላይ ነው።

«ደረቁ?» አለች።

የፀጉር አስተካካዩ እጅ አየር ላይ ቀረ። ስሙን ያውቀዋል፤ ስንት ጊዜ ሰምቶታል።

«ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ ጆሮዎ አካባቢ የበለጠ እጠነቀቅ ነበር» አለ በመጨረሻ። ሚስቱ ሳትፈልግ ፈገግ አለች።

«ምን ሆነህ ነው? ታመምክ እንዴ?»

«የለም፣ ደህና ነኝ። ከበሮዬ ተበላሸ። ሌላ ምረጥ ተባልኩ።» ቀጥሎም «የሚሰማኝ ሰው የለም» አለ።

ስለ ከበሮው ብቻ ነበር የተናገረው። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ግን ሌላም ነገር ያለ መሰለ፤ ሦስቱም ሰሙት፤ ማንም አላነሣውም። እሷ መቀሱን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች።

«ነገ ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ።»

«እኔም አብሬ እመጣለሁ» አለ ባልየው። «ቴአትር ቤት በነፃ መግባት በስንት ጊዜ አንዴ ነው የሚገኘው? ቀና ይበሉ አሁን፤ ግማሽ ራስ ይዘው አይሄዱም።»

በማግስቱ መጡ። ዘበኛው ሲያያቸው በሩን ሁለት እጁን ዘርግቶ ከፈተላቸው። እሷ መንገዱን ሳትጠይቅ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ረድፍ ሄዳ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ባሏ ከጎኗ ሆነ። ደረቁ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሶ ነበር። ተቀምጦ «ናስ፣ ብረት፣ ስስ እንጨት፣ ወፍራም እንጨት» አለና አንድ ዓይነት ምት በአራቱም ላይ ተራ በተራ መታ፤ ለስላሳ፣ ጠንካራ፣ ከጠርዙ ላይ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ተከታታይ ርግብግብ ምት። ከዚያ እንጨቶቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠበቀ።

ከኋላ ድምፅ አልመጣም።

«ደግመህ ምታው እስቲ» አለች።

ደግሞ መታ። አሁንም ቆየች።

«ሁለተኛው ይመስለኛል» አለች፤ ወዲያው ደግሞ «ወይስ አራተኛው?» አለች። ተነሥታ በመተላለፊያው እስከ መድረኩ ሥር መጣች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አይሆንልኝም፤ አልችልም» አለችው።

«ቆይተሽ ስለሆነ ነው። ጆሮሽ ይመለሳል።»

«ጆሮዬ የትም አልሄደም። ከበሮ ለእኔ ድሮም ከበሮ ነው፤ ለይቼው አላውቅም። አንተ የወደድከውን ስትመታ ትከሻህ ዝቅ ይላል። እሱን እያየሁ ነበር የምነግርህ።»

ደረቁ እንጨቶቹን ከበሮው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ፣ «የመጀመሪያውስ ቀን? ይጮሃል፣ ይናገራል ያልሽው?» አላት።

«ያን ቀንማ የሚያምር ነገር ልናገር ብዬ ነው» አለች። ፊቷ ላይ ትንሽ ሳቅ መጣና ሄደ። «ዛሬ ትከሻህን ሳየው በአራቱም ላይ ያው ነው። ወደ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል። ምን ልንገርህ?»

ሊናደድ ይገባው እንደሆነ አላወቀም። ያን ሁሉ ዓመት እሷ ሰማችው ብሎ ያስቀመጠው ድምፅ፣ በእርሳስ ምልክት እያደረገ ያቆየው ብሎን፣ ለካ የራሱ ምርጫ ነበር። ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣበት፤ እሱ አዳራሹ የሚሰማውን እየጠየቃት እሷ እሱን ስታየው ኖራለች። እያየችው መሆኑን አያውቅም ነበር። ይህን ቢነግራት ደስ ባለው። አፉን ከፈተ፤ በዚህ መሀል ከኋላ ወንበር ሌላ ድምፅ መጣ።

«ሦስተኛው ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ሁለቱም ዞሩ።

«ስሱ እንጨት ያሉት። ይዘጋል። መቀስ ጥሩ ሲሆን አፉ ሲገጥም አንዲት ድምፅ አለችው፤ በቃ ትልና ታበቃለች። ሦስተኛው እንደሱ ነው። የመጀመሪያው ከተመታ በኋላ ትንሽ ያፏጫል። ሁለተኛው እዚህ ሲደርስ ይሰነጠቃል። አራተኛው በር ገርበብ ብሎ እንደቀረ ነው፤ ሰው ተነሥቶ ሊዘጋው ይፈልጋል።»

ደረቁ አላመነውም። መጋረጃውን ዘጋና ከኋላው ሆኖ የከበሮዎቹን ቦታ አቀያየረ። መታ።

«ይኼ ያ የሚያፏጨው ነው» አለ ሰውየው ከማዶ። ናሱ ነበር። ሌላ መታ። «በሩ አልተዘጋም።» ወፍራሙ እንጨት ነበር። ደረቁ ቢቀያይር ቢቀያይር ሰውየው አንዴም አልሳተም። መጋረጃው ጀርባ ባለው ጨለማ ውስጥ ደረቁ እንጨቶቹን ይዞ ትንሽ ቆመ። ዕድሜውን ሁሉ የፈለገው ጆሮ ይኸው ተገኘ፤ የተገኘውም በዚህ ሰው ላይ ነው። ሳቅ መጣበት፤ ድምፅ የሌለው ሳቅ፤ ሲያልቅ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

ሲወጡ በረንዳው ድረስ ሸኛቸው። ደረጃው ላይ ባልየው ክርኗን ያዝ አደረጋት፤ እሷም ሳታየው ተደገፈችው። እስከ ማዕዘኑ ድረስ ሰውየው ሲያወራ፣ እሷ ስትመልስለት ይሰማ ነበር። ደረቁ ተመልሶ ስሱን እንጨት አስቀረና የቀሩትን ሦስቱን ከበሮዎች በየማኅደራቸው ከተተ፤ ሐሙስ ጠዋት መለሳቸው።

ተውኔቱ በተከፈተ ዕለት ሁለት ትኬት ዘበኛው ጋ አስቀመጠላቸው። እሷ የሙሽራ ልብስ ተደራርቦባት አልመጣችም፤ ባሏ ብቻውን መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። ትርኢቱ ሲያልቅ ወደ ኋላ ክፍል ዘለቀና «ግሩም ነው፤ ሽቦው ግን በሁለተኛው ክፍል ትንሽ ላላ አለብኝ» አለ። ልክ ነበር። ደረቁ የከበሮውን ቁልፍ አውጥቶ ሽቦውን አጠበቀው። ሰውየው አንቱታውን ያን ዕለት ተወው።

ከዚያ በኋላ አዲስ ቆዳ ሲገባ ይጠራዋል፤ እሱም ጋውኑን አውልቆ ይመጣል። ከልብ አወሩ ማለት አይቻልም፤ አንዱ ያወራል፣ አንዱ ይሰማል። ሰውየው ሲለየው ሁልጊዜ «ሰላም ብላሃለች» ይለዋል። ደረቁ «ሰላም በልልኝ» ይላል። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቶ ረዘም ያለ መልእክት ሊልክ ጀመረ፤ «እንዲህ በልልኝ፣ ያኔ...» አለና ቀጣዩን አጣው። ሰውየው ሳይለመደው ዝም ብሎ ጠበቀው። ጠብቆ ጠብቆ ጀርባውን መታ አደረገውና «እነግራታለሁ» ብሎ ሄደ። ምን እንደነገራት ደረቁ አልጠየቀም።

ቴአትር ቤቱ ቆይቶ ሙዚቃውን በቅጂ ማጫወት ሲጀምር ደረቁ በጡረታ ተሸኘ። ከበሮውን ለአዲስ መቺ አስረክቦ ባዶ እጁን ወጣ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉር ይቆረጣል፤ ባያድግም ይሄዳል። እሷ ከጎን በር ብቅ ትላለች።

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። አንቺስ?»

ይህን «አንቺስ» ለመጨመር ብዙ ቅዳሜ ፈጅቶበታል። እሷ መልሳ ትገባለች፤ የስፌት መኪናው ከግድግዳው ማዶ ይቀጥላል። ፀጉሩ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ደረቁ ከወንበሩ ተነሥቶ ጥግ ካለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ደንበኛ ይገባል፣ ደንበኛ ይወጣል። ቤት የሚጠብቀው ሰው የለም፤ ያንንም ሁሉም ያውቃሉ። ፀጉር አስተካካዩ አንድም ቀን ሂድ ብሎት አያውቅም፤ በሩን ሊዘጋ ሲል ብቻ የደረቁን ኮት ከማንጠልጠያው አውርዶ ይይዝለታል።